ትልቁ ሾርት አያስፈራንም

ይህ በመካከላችን ይቅር። በኃይል መሐንዲሶች ጉባኤ ላይ ሱፐርኮንዳክተር የከረንት ገዳቢ የሚያስተዋውቅ ሰው መድረክ ከያዘ አንድ ቪዲዮ መክፈቱ አይቀርም። ፈሳሽ ናይትሮጅን የተሞላ ታንክ ይታያል፤ ከአፉ ነጭ ጉም ይወጣል። ሾርት ይለቀቅበታል። ከዚያ ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመር ይመጣል፦ ቀዩ ገዳቢ ባይኖር ከረንቱ የት ይደርስ እንደነበር፣ ሰማያዊው ደግሞ ገዳቢው ኖሮ የት እንደቆመ ያሳያል። ቀዩ ሽቅብ ሲተኮስ ሰማያዊው ገና ከመነሳቱ አንገቱን ይደፋል። አዳራሹ ያጨበጭባል።

ኋላ ወንበር የተቀመጥነው አናጨበጭብም፤ ይህን ዕቃ በእጃችን ጠምጥመን፣ አቀዝቅዘን፣ አንዳንዴም አቃጥለን እናውቀዋለን። ቪዲዮው ውሸት አይደለም፤ እያንዳንዱ ነጥብ በትክክል የተለካ ነው። ነገር ግን ትልቅ ሾርት ለዚህ ዕቃ ቀላሉ ፈተና ነው። የሚገድለው ትንሹ ነው። ትንሹን በቪዲዮ የሚያሳይ ሻጭ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ነገሩ እንዲገባችሁ ዕቃው ለምን እንደተፈለገ ላስቀድም። ቤታችሁ የሚገባው ኤሲ ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 100 ጊዜ ዜሮ ላይ ያልፋል። ብሬከር ሲከፈት በሁለቱ ብረቶች መሀል የሚነደው እሳት በዚያች ዜሮ ላይ ራሱ ይጠፋል፤ የብሬከሩ ድርሻ ተመልሶ እንዳይነሳ መከላከል ነው። ዲሲ ዜሮ የለውም። እሳቱ አንዴ ከተነሳ ሲነድ ይቆያል፣ ከረንቱም ይወጣል፣ ይወጣል። ለዚህ ነው ዓለም ከመቶ ዓመት በላይ ኤሲን መርጦ የኖረው ብትሉ ከሌሎቹ ምክንያቶች አንዱን በትክክል ጠራችሁ ማለት ነው።

አገር ቤት ያላችሁ አንባቢዎች እዚህ ላይ ከወላይታ ሶዶ ኬንያ ሱስዋ ድረስ የተዘረጋውን መስመር ታነሱ ይሆናል። 1,045 ኪሎሜትር፣ ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ 500 ኪሎቮልት ዲሲ፣ 2,000 ሜጋዋት የመሸከም አቅም፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ሥራ ጀምሯል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ናቸው።) ታዲያ እሱስ ገዳቢ አያስፈልገውም? አያስፈልገውም። የሶዶና የሱስዋ ኮንቨርተሮች፣ ማለትም ኤሲንና ዲሲን የሚለዋውጡት ዕቃዎች፣ የታይሪስተር ናቸው። መስመሩ ላይ ሾርት ሲፈጠር ላኪው ጣቢያ የታይሪስተሮቹን መተኮሻ ሰዓት ያዘገይና ቮልቴጁን ይገለብጠዋል፤ ከረንቱ በጥቂት አሥር ሚሊሴኮንዶች ውስጥ ይሞታል። አየሩ እስኪጠራ ትንሽ ይጠበቃል፣ መስመሩ ይነሳል። ብሬከርም ገዳቢም አልተነካም። በዚህ ዓይነት መስመር ላይ ሱፐርኮንዳክተር ልሽጥላችሁ የሚል ሰው ከመጣ፣ ሻይ ጋብዛችሁ ሸኙት።

ችግሩ ያለው አዲሶቹ ኮንቨርተሮች ላይ ነው። የባሕር ላይ ነፋስ ለመሰብሰብ፣ ብዙ ጣቢያዎችን እንደ መረብ ለማያያዝ የሚመረጡት እነሱ ናቸው፤ በየንዑስ ክፍላቸው ካፓሲተር አለ፣ ከሴሚኮንዳክተሮቹ ጎን ደግሞ ዳዮድ። ሾርት ሲፈጠር መጀመሪያ ካፓሲተሮቹ ያላቸውን ሁሉ ያፈሱታል። መቆጣጠሪያው ደንግጦ ሴሚኮንዳክተሮቹን ቢዘጋም ዳዮዶቹ ከኤሲው ወገን መመገባቸውን አያቆሙም። ዳዮድ ትዕዛዝ አይቀበልም። ይህን በኮንቨርተሩ ውስጥ የሚፈታ ንድፍም አለ፤ የሴሚኮንዳክተሩን ቁጥር ያበዛል፣ በየቀኑ የሚባክነውንም ኃይል ይጨምራል። ስለዚህ ባለ ገንዘቡ ርካሹን ኮንቨርተር ይገዛና ሾርቱን ለሌላ ሰው ይተዋል።

ሌላው ሰው እኛ ነን። ሒሳቡ አጭር ነው። 500 ኪሎቮልት መስመር ላይ 100 ሚሊሄንሪ ሪአክተር፣ ማለትም ከረንቱን የሚያዘገይ ጥቅል፣ አለ እንበል። ሾርት ሲፈጠር ከረንቱ በእያንዳንዱ ሚሊሴኮንድ 5 ኪሎአምፔር ይጨምራል። ብሬከራችሁ 3 ሚሊሴኮንድ ቢፈጅ፣ ከ1.5 ኪሎአምፔር የተነሳው ከረንት 16.5 ላይ ይደርሳል፤ በዚያች ሰዓት ሪአክተሩ ውስጥ ብቻ ከ13 ሜጋጁል በላይ ኃይል ተከማችቷል። ብሬከሩ ይህን ሁሉ የሆነ ቦታ ማቃጠል አለበት። የሚያቃጥልባቸው አሬስተሮች ቁልል ከብሬከሩ ዋጋና ቦታ ሰፊውን ድርሻ ይይዛል፤ ጣቢያ የጎበኘ ሰው ግን ፎቶ የሚያነሳው ሴሚኮንዳክተሮቹን ነው።

ኤቢቢ በኅዳር 2012 የመካኒክና የሴሚኮንዳክተር ቅልቅል የሆነውን የዲሲ ብሬከሩን ይፋ ሲያደርግ፣ በ5 ሚሊሴኮንድ ያቋርጣል ተባለ፤ ጋዜጦች የመቶ ዓመት እንቆቅልሽ ተፈታ ብለው ጻፉ። እውነትም ትልቅ ነገር ነበር። ከስምንት ዓመት በኋላ በ2020 ቻይና ዣንግቤይ ላይ አራት ጣቢያዎችን በቀለበት ያያያዘውን የ500 ኪሎቮልት ዲሲ መረብ ሥራ አስጀመረች፤ የመረቡ መስመሮች ርዝመት 666 ኪሎሜትር ነው፤ ከሰሜን በኩል የሚመጣውን የነፋስና የፀሐይ ኃይል ወደ ቤይጂንግ ያደርሳል። እዚያ ያሉት ብሬከሮች በ3 ሚሊሴኮንድ ውስጥ 25 ኪሎአምፔር እንዲቆርጡ የተሠሩ ናቸው። ቁጥሩን ከላይ ካለው ሒሳብ ጋር አስተያዩት፤ ለምን ይህን ያህል ትልቅ እንደሆነ ማንም ሳይነግራችሁ ይገባችኋል። እነዚህ ዕቃዎች ሣጥን አይደሉም፤ አዳራሽ የሚሞሉ ማማዎች ናቸው።

እዚህ ላይ ውጭ ያለ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ብሬከር ሠሪዎችና እኛ ባላንጣ እንመስላለን። አይደለንም። ገዳቢ ምንም አይቆርጥም፤ ከረንቱን ይይዛል እንጂ አያቋርጥም። የኛ ዕቃ ከፊት ተቀምጦ ከረንቱን ወደ 5 ኪሎአምፔር ቢያወርድላቸው፣ እነሱ የሴሚኮንዳክተሩንም የአሬስተሩንም ቁልል በብዙ መቀነስ ይችላሉ። በምሳ ሰዓት ጎን ለጎን ተቀምጠን "ስንት ታወርዱልናላችሁ?" ብለው የሚጠይቁን እነሱ ናቸው። እውነተኛው ባላንጣችን ሪአክተሩ ነው፦ የተጠመጠመ አሉሚኒየም፣ ደጅ ላይ ዝናብ እየመታው የሚኖር፣ ማቀዝቀዣ የማይፈልግ፣ የማይበላሽ። የግዥ ክፍሉ ሰው ሪአክተሩን ይወደዋል፤ አልፈርድበትም። ችግሩ ሪአክተሩ ከረንቱን ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም፤ በተለቀ ቁጥርም የሚያከማቸው ኃይል ይጨምራል፣ መረቡንም ለመቆጣጠር ያንቀራፍፈዋል። ከተወሰነ መጠን በላይ መድኃኒቱ ራሱ በሽታ ይሆናል።

አሁን ወደ ዕቃው። ሱፐርኮንዳክተርነት የተገኘው በ1911 ሌይደን ውስጥ ነው፤ ካመርሊንግ ኦነስ ሜርኩሪን ከፍጹም ዜሮ በላይ 4 ዲግሪ ገደማ ድረስ አቀዝቅዞ ሬዚስታንሱ ሲጠፋ አየ። ለኛ ሥራ ግን ዓመቱ 1987 ነው፤ ያኔ ከ90 ኬልቪን በላይ የሚሠራ ሴራሚክ ተገኘ፤ በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ በ77 ኬልቪን፣ ማለትም ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ማቀዝቀዝ በቂ ሆነ። ሂሊየም ለሀብታም ነው፤ ናይትሮጅን የምንተነፍሰው አየር ውስጥ ሞልቷል።

ያ ሴራሚክ ዛሬ የሚመጣው በቴፕ መልክ ነው። 12 ሚሊሜትር ስፋት፣ 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት። በጓንት ነው የምንይዘው፤ እርጥበት ይጠላል። ያብረቀርቃል፣ ሲያዩት የስጦታ ማሰሪያ ይመስላል፣ ግን እንደ ማሰሪያ አጥፋችሁ ብትጫኑት ሞተ። ብየዳው ከልክ በላይ ከሞቀም ሞተ። ከውፍረቱ ውስጥ ሥራውን የሚሠራው ሴራሚክ ከ1 እስከ 2 ማይክሮሜትር ብቻ ነው፤ የቀረው ሃስቴሎይ የሚባል የኒኬል ቅይጥ ነው፣ ከላይ ደግሞ ስስ ብር ተለብጧል። ይህ ሁሉ ስስነት በናይትሮጅን ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ያለ ምንም ሬዚስታንስ ያሳልፋል።

ጣሪያ ግን አለው። ከረንቱ ከጣሪያው በብዙ ሲያልፍ ሴራሚኩ ባሕርዩን ይጥላል፤ እኛ ኩዌንች አደረገ እንላለን። ያኔ ከረንቱ ወደ ብሩና ወደ ሃስቴሎዩ ይገፋል፣ ሬዚስታንስ ያጋጥመዋል፣ ይታፈናል። ማንም አዝራር አልተጫነም፤ ሴንሰር አልለካም፣ ኮምፒውተር አልወሰነም። ይህ የዕቃው ውበት ነው፤ የቪዲዮው ሰማያዊ መስመርም የሚታጠፈው በዚህ ነው። ሁሉም ነገር ከሚሊሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል።

በዚያች ቅጽበት እያንዳንዱ ሜትር ቴፕ ሳይቃጠል ሊሸከም የሚችለው ቮልቴጅ የተወሰነ ነው፤ ለብዙው የገበያ ቴፕ ከ50 እስከ 100 ቮልት። ስለዚህ ለ500 ኪሎቮልት ከ5 እስከ 10 ኪሎሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። መደበኛው ከረንት በአንድ ቴፕ ስለማይቻል አራት ጎን ለጎን ብታደርጉ 20፣ 40 ኪሎሜትር ሆነ። ይህን ሁሉ የምንጠመጥመው ሄያጁንና ተመላሹን ጎን ለጎን አድርገን ነው፤ ሜዳቸው እርስ በርሱ እንዲጣፋ። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ዋጋው ደግሞ በጥቅሉ መግቢያ ላይ ይከፈላል፦ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ዙር ጎረቤት ይሆናሉ፣ በመሀላቸው የጥቅሉ ሙሉ ቮልቴጅ ይቆማል። ሻጩ ስለ ቴፑ ሲያወራላችሁ እኛ የምናስበው በሁለቱ ዙሮች መሀል ስላለችው ክፍተት ነው።

እንግዲህ ወደ ሹክሹክታው።

ቴፕ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት አይደለም። ፋብሪካው ከእያንዳንዱ ጥቅልል ጋር ግራፍ ይልካል፤ በየሚሊሜትሩ ጣሪያው ስንት እንደሆነ የሚያሳይ ሸካራ መስመር ነው። አዲስ የገባ መሐንዲስ የሚያየው አማካዩን ነው። ቆየት ያለው ጣቱን ግራፉ ላይ እየሄደ ዝቅ ያለውን ጉድጓድ ይፈልጋል። ጉድጓድ አንድ እንኳ ካለ፣ ያ ጥቅልል ለገዳቢ አይሆንም፤ ለማግኔት የሚሆንበት መንገድ ይኖራል፣ ለኛ ግን አይሆንም።

ምክንያቱ ይኸው። ትልቅ ሾርት ሲመጣ ከረንቱ ከጣሪያው በእጥፍ፣ በሦስት እጥፍ ይዘላል። ደካማውም ጠንካራውም ቦታ አንድ ላይ ይወድቃል፤ ሙቀቱ በኪሎሜትሮቹ ሁሉ ይከፋፈላል። ደቦ ነው፤ ሁሉም ዶማ ያነሳል፣ ማንም አይጎዳም። ትንሽ ሾርት ሲመጣ ግን ከረንቱ ከጣሪያው ትንሽ ብቻ ያልፋል፤ የዛፍ ቅርንጫፍ መስመሩን ሲነካ፣ ወይም ሾርቱ ሩቅ ሆኖ መሬቱ ደረቅ ሲሆን፣ ወይም አንዱ መስመር ወጥቶ የሱ ጭነት በሌላው ላይ ሲወድቅ። ያኔ ኩዌንች የሚያደርገው ያ ጉድጓድ ብቻ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ማሳውን ሁሉ ይቆፍራል፤ ሌላው ቆሞ ያያል። ሁሉም ከረንት በዚያች ሚሊሜትር ብርና ሃስቴሎይ ውስጥ ያልፋል፣ ትግላለች። ሙቀቱ ወደ ጎን ቢስፋፋ ጎረቤቱም ኩዌንች አድርጎ ያግዛት ነበር፤ ግን በዚህ ሴራሚክ ውስጥ ኩዌንች የሚስፋፋው በሴኮንድ በሴንቲሜትሮች ነው። ርዳታ ሳይደርስ ቴፑ ይቆረጣል።

የተቆረጠ ቴፕ አይቻለሁ። ኪሎሜትሩ ሁሉ እንደ አዲስ ያበራል። አንድ ቦታ ላይ የጥፍር ስፋት የምታህል ቡናማ ነጥብ አለች፤ ብሩ ተልጦ ጠርዙ ተጠቅልሏል፣ መሀሉ ላይ የመርፌ ቀዳዳ። ክራዮስታቱን (የናይትሮጅኑን ታንክ) ለመክፈት መጀመሪያ ቀስ ብሎ ማሞቅ፣ ከዚያ ማውጣት፣ መፍታት፣ በቮልቲሜትር ክፍል በክፍል መፈለግ፤ ይህ ሁሉ ለአንዲት ነጥብ። የባሰው ደግሞ የጥበቃው ሥርዓት ምንም አለማወቁ ነው። የዲሲ ሪሌይ የሚነቃው ከረንቱ በፍጥነት ሲወጣ ነው፤ ቀስ ብላ የመጣችው ትንሽ ሾርት ለሱ ጭነት ትመስለዋለች። ገዳቢው ለመረቡ ጠባቂ ሊሆን ገብቶ፣ ጠባቂ የሚያስፈልገው ራሱ ሆነ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ነገር ደስ ይለኛል። ከ2017 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ፣ ከግሬኖብል እየተመራ፣ ፋስትግሪድ የተባለ ፕሮጀክት ይህንኑ ቴፕ ለዲሲ ገዳቢ ለማስተካከል ሠርቷል። አንዱ መንገድ ጉልበት ነው፦ ከቴፑ ጀርባ ወፍራም ሃስቴሎይ ማጣበቅ፣ ሙቀቱን የሚጠጣ ሥጋ መጨመር። ሌላው ብልሃት ነው፤ ሐሳቡ ከሞንትሪያል ፖሊቴክኒክ የመጣ ነው። የቴፕ ፋብሪካዎች ለአሥርተ ዓመታት በሴራሚኩና በብሩ መሀል ያለው ግንኙነት በተቻለ መጠን ጥሩ እንዲሆን ሲደክሙ ኖረዋል። የሞንትሪያሎቹ ይህን ግንኙነት ከቴፑ ስፋት በአንድ ክፍል ላይ ሆን ብለው አበላሹት። ከረንቱ ከሴራሚኩ ወደ ብሩ ለመውጣት ሲሞክር ያ ክፍል ይከለክለዋል፤ ወዲያው ስለማይወጣ ሰፋ ባለ ርዝመት ላይ ይፈስሳል፣ ሙቀቱም አብሮት ይሰፋል። ኩዌንቹ የሚስፋፋበት ፍጥነት ወደ 10 እጥፍ ከፍ አለ። መጀመሪያ ስሰማው ቀልድ መስሎኝ ነበር፤ ጥሩውን ማበላሸት እንዴት መፍትሔ ይሆናል? ውጤቱን ሳይ ግን፣ ባለፉት ዓመታት በዚህ ሙያ ከታሰቡት ሁሉ ንጹሁ ሐሳብ ይህ ነው አልኩ። ፋብሪካዎቹ ግን ገና እንደ መደበኛ ዕቃ አያመርቱትም፤ ማበላሸትም በኪሎሜትር ወጥ ሆኖ መበላሸት አለበትና።

ማቀዝቀዣውን በተመለከተ ውጭ የሚወራው ሌላ፣ ውስጥ የሚያስቸግረው ሌላ ነው። ሰው ሁሉ "ያን ያህል ማቀዝቀዝ ስንት ኃይል ይበላል?" ብሎ ይጠይቃል። በዲሲ ቴፑ ራሱ ምንም አያባክንም ለማለት ይቻላል፤ ከኤሲ የሚሻልበት አንዱ ይህ ነው። ሙቀት የሚገባው በአንገቱ በኩል ነው፤ ከውጭው ዓለም ከረንቱን ወደ ቅዝቃዜው በሚያስገቡት ሁለት የመዳብ ዘንጎች። ምንም ያህል በጥንቃቄ ቢነደፍ አንድ ዘንግ በየኪሎአምፔሩ 45 ዋት ገደማ ያስገባል። ለ1 ኪሎአምፔር ዕቃ ሁለቱ ዘንጎች 90 ዋት ሆኑ፤ ያንን 90 ዋት ከ77 ኬልቪን አውጥቶ ደጅ ለመጣል ማሽኑ ለእያንዳንዱ ዋት ከ15 እስከ 20 ዋት ይፈልጋል። ከ2 ኪሎዋት አይበልጥም ማለት ነው። መቶ ሜጋዋቶች ለሚያስተላልፍ መስመር ይህ ቁጥር ውስጥ አይገባም።

የሚያስቸግረው አረፋው ነው። ፈሳሽ ናይትሮጅን ጥሩ ኢንሱሌተር ነው፤ ነገር ግን ቴፑ ኩዌንች ሲያደርግ ዙሪያው ይፈላል፤ አረፋ ውስጥ ያለው ጋዝ ደግሞ እንደ ፈሳሹ ቮልቴጅ አይችልም። ይኸውም ከፍተኛው ቮልቴጅ በሚመጣበት በዚያችው ሰዓት። ስለዚህ ናይትሮጅኑን ከመፍያው በታች፣ ወደ 65 ወይም 70 ኬልቪን እናወርዳለን፣ ግፊትም እንጨምርበታለን። ከ63 በታች ከወረደ ይረጋል፤ መንገዱ ጠባብ ነው። ክፍሉ ውስጥ ደግሞ የኦክስጅን ደወል ግድ ነው፤ አንድ ሊትር ፈሳሽ ወደ 700 ሊትር ጋዝ ስለሚሆን፣ የማይሸት የማይታይ ነገር ሰውን በጸጥታ ይጥላል።

የናይትሮጅን ጠባይ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። ሌሊት ስንት እንደሚተን፣ ክዳኑ ቢላላ ምን እንደሚሆን፣ መኪናው ቢዘገይ ኪሳራው ስንት እንደሆነ አገር ቤት ከማንኛውም የኤሌክትሪክ መሐንዲስ በላይ የሚያውቀው የከብት ማዳቀል ባለሙያ ነው፤ የኮርማ ዘር የሚቀመጠው በዚሁ ፈሳሽ ውስጥ ነውና። ይህ ቴክኖሎጂ አንድ ቀን ወደዚያ ከሄደ፣ የመጀመሪያ ሥልጠና የሚሰጡ ሰዎች ከግብርና ቢሮ ይምጡ የምለው በቀልድ ብቻ አይደለም።

ሌላው በስላይድ ላይ የማታዩት ነገር መልሶ መቀዝቀዝ ነው። ቴፑ ሾርቱን ሲይዝ ከ77 ኬልቪን ተነስቶ ወደ ክፍል ሙቀት፣ ከዚያም በላይ ይዘላል። ትኩስ ብረት በፈሳሹ ውስጥ ራሱን በጋዝ ሽፋን ይከልላል፤ ሽፋኑ ቅዝቃዜውን ስለሚያግድ ወደ ሥራ ለመመለስ ሴኮንዶች ይወስዳል፣ አንዳንዴ አሥር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። በአየር ላይ የተዘረጋ መስመር ግን ሾርቱ ብዙ ጊዜ መብረቅ ስለሆነ ከ200 እስከ 300 ሚሊሴኮንድ ቆይቶ እንደገና መነሳት ይፈልጋል። አይገጣጠምም። ሁለት ገዳቢ ጎን ለጎን ተክሎ መቀያየር ይቻላል፤ ዋጋውን ሁለት ጊዜ ለመክፈል ፈቃደኛ ለሆነ። ለዚህ ነው እኔ እንደ ዣንግቤይ ላለ የአየር ላይ መረብ ይህን ዕቃ የማልመክረው። ቦታው ኬብል ነው፤ የባሕር ውስጥ ኬብል፣ የመርከብ ውስጥ መረብ። ኬብል ላይ የተፈጠረ ሾርት በራሱ አይድንም፣ ማንም መልሶ ለማንሳት አይቸኩልም፣ ገዳቢው ለመቀዝቀዝ የፈለገውን ያህል ጊዜ አለው። የሰሜን ባሕር ነፋስ ሰዎች ዛሬ ከጣቢያ ወደ ጣቢያ የሚዘረጉት መስመር ነው፤ መረብ ባደረጉት ቀን ስልካችን ይጮኻል።

"እስካሁን የት ተተክሏል?" ብላችሁ ብትጠይቁ፣ አብዛኛው ኤሲ ላይ ነው። ስዊዘርላንድ ውስጥ ሎንች የውኃ ኃይል ማመንጫ በ1996 የመጀመሪያውን አየ። በ2014 በጀርመን ኤሰን ከተማ ከ1 ኪሎሜትር ሱፐርኮንዳክተር ኬብል ጋር አንድ ተገጠመ። ሞስኮ በ2019 መጨረሻ ምኔቭኒኪ ጣቢያ ላይ ለ220 ኪሎቮልት የተሠራ አስገባች፤ ትልቅ ሥራ ነው፣ ያላደነቀ የሙያ ሰው አላውቅም። በዲሲ ግን እጅግ የሚጠቀሰው ቻይና ናንአው ደሴት ላይ ላለው የነፋስ መረብ የተሠራው የ160 ኪሎቮልት፣ የ1 ኪሎአምፔር ገዳቢ ነው። በኛ ሰፈር ስሙ ከተነሳ ሁሉም ዝም ብሎ ያዳምጣል።

የመጨረሻው ወሬ ስለ ገበያው ነው፤ ይህን ደግሞ ከላብራቶሪ ይልቅ ከግዥ ክፍል የሰማሁት ነው ብትሉ አልክድም። ቴፕ ውድ የሆነበት ምክንያት ብዙዎች እንደሚያስቡት ብሩ አይደለም፤ የብሩ ውፍረት ማይክሮሜትር ነው። ምርቱ አዝጋሚ ነው፣ ማሽኖቹም ጥቂት ናቸው። ጥቂቶቹን ማሽኖች ደግሞ አሁን የያዟቸው የኑክሌር ፊውዥን ሰዎች ናቸው። በመስከረም 2021 አሜሪካ ውስጥ ኮመንዌልዝ ፊውዥን ሲስተምስና ኤምአይቲ 20 ቴስላ የደረሰውን ማግኔታቸውን ሲያሳዩ፣ በዚያ በአንዱ ማግኔት ውስጥ ብቻ 267 ኪሎሜትር ቴፕ ነበር። እኛ 20 ኪሎሜትር ለማዘዝ ሦስት ስብሰባ እንቀመጣለን፤ እነሱ በሺዎች ያዝዛሉ።

"ታዲያ ምርቱ በዝቶ ዋጋው ይወርዳል፣ ለእናንተም ጥሩ ነው" ይሉናል። በከፊል እውነት ነው። ግን የነሱ ቴፕና የኛ ቴፕ አንድ አይደለም። እነሱ 20 ኬልቪን ላይ፣ በኃይለኛ ማግኔት ሜዳ ውስጥ ነው የሚሠሩት፤ ጣሪያው እዚያ ከፍ ካለላቸው ሌላው ሁለተኛ ነው፤ ከላዩ መዳብ ይለበጥላቸዋል፣ እንዲያውም ወፍራም ቢሆን ይወዳሉ። ለኛ መዳብ ጠላት ነው፦ ኩዌንች ሲሆን ከረንቱ በመዳቡ በኩል ሾልኮ ያልፋል፣ ሬዚስታንሱ ይወርዳል፣ ርዝመቱ በዚያው ልክ ይጨምራል። እኛ የምንፈልገው ስስ ብር፣ ወፍራም ሃስቴሎይ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጉድጓድ የሌለው ግራፍ ነው። ፋብሪካው ለኛ ብሎ መስመሩን ሲያቆምና ሲያስተካክል፣ ለነሱ የሚያመርተው ሰዓት ይቀንሳል። ስለዚህ ትዕዛዛችን ከወረፋው ጫፍ ነው፤ ሲደርስም አንዳንዱ ጥቅልል ጉድጓድ ይዞ ይመጣል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይጠበቃል።

እናንተም ጉባኤ ላይ ያንን ቪዲዮ ካያችሁ፣ ጭብጨባው ሲበርድ እጃችሁን አውጥታችሁ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ከረንቱ ከጣሪያው በ10 ከመቶ ብቻ አልፎ ቢቆይ፣ ብሬከሩ ሳይከፈት፣ ዕቃው ስንት ሚሊሴኮንድ ይኖራል? መልስ ካለው ቁጥሩን ወዲያው ይነግራችኋል። ከሌለው "በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው" ይልና ወደሚቀጥለው ስላይድ ያልፋል፤ ያኔ ኋላ ወንበር ላይ የሚሥቅ ሰው ከሰማችሁ፣ ከኛ አንዱ ነው።